ባቡር ዳገት አይወድም፦ ከሊስበርግ እስከ ፐርሰልቪል በእግር

ሊስበርግና ፐርሰልቪል በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በላውደን ካውንቲ የሚገኙ ሁለት ከተሞች ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኝ 17 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለ። መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ባቡር ሲመላለስበት ኖሮ፣ ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላ አስፋልት ለብሶ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለቀቀ መንገድ ነው። ለፈረስ የተተወ የጠጠር መንገድም ጎን ለጎን ይከተለዋል። ይህ ክፍል ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን የተባለው ረጅም መንገድ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ሙሉው መንገድ አርሊንግተን ውስጥ ሺርሊንግተን ከተባለው ሰፈር ተነሥቶ ፐርሰልቪል እስኪያልቅ 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ ግን 30 ሜትር ብቻ ነው። እንደ መቀነት የተዘረጋ መናፈሻ ቢባል ያስኬዳል።

ይህ ዲስኩር የተዘጋጀው መንገዱን በእግር ለመጓዝ ያሰቡ የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ባቀረቡት ግብዣ መሠረት ነው። ከአዳራሹ ታዳሚዎች ብዙዎቹ የመንገዱን ምሥራቃዊ ክፍል ሳያውቁት አይቀሩም። ከሥራ መልስ እግር ለማፍታታት፣ ልጅን ብስክሌት ለማስተማር፣ የሐኪም ትእዛዝ ለመፈጸም ሲባል በፎልስ ቸርች ወይም በቪየና በኩል ይረገጣል። ምዕራባዊው ጫፍ ግን ገጠር ነው፤ ታሪኩም መልክዓ ምድሩም ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። ንግግሩ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ያነሣል። አንደኛው መንገዱ ለምን እንዲህ እንደተቀየሰ፣ ሁለተኛው የባቡሩ ሕይወትና ሞት፣ ሦስተኛው ጉዞው ራሱ ነው። የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ነጥብ እንነሣ። ከሁሉም በፊት መያዝ ያለበት ነገር አንድ ነው፤ ባቡር ዳገት አይወድም። በዚህ መንገድ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ፣ መታጠፊያው፣ ድልድዩ፣ የተቆረጠው ኮረብታና የተሞላው ሸለቆ፣ ከዚህ አንድ ጠባይ የመጣ ነው።

የባቡር ጎማ ብረት ነው፤ ሐዲዱም ብረት ነው። ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ከአንድ ሳንቲም ስፋት እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ሰበቃው በጣም ትንሽ ነው። ይህ በሜዳ ላይ ትልቅ በረከት ነው፤ 1 ቶን ጭነት ለመጎተት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ስበት ይበቃል። መንገዱ በ100 ሜትር 1 ሜትር ብቻ ከፍ ሲል ግን በዚያ ላይ ሌላ 10 ኪሎ ግራም ይጨመርበታል። ያው ባቡር፣ ያው ጭነት፣ አራትና አምስት እጥፍ ጉልበት ይጠየቃል ማለት ነው። ዳገቱ በጣም ከበረታ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። በሜዳ ላይ በረከት የነበረው ልስላሴ ዳገት ላይ መርገም ይሆናል። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ያንን አቀበት ለባቡር ማሰብ እንኳ እንደማይቻል ወዲያው ይገባዋል።

የባቡር መሐንዲስ ሥራም እንግዲህ ዳገትን መሸሽ ነው። ኮረብታ ሲያጋጥመው ወይ ይዞረዋል፣ ወይ ሆዱን ይቆርጠዋል። ሸለቆ ሲያጋጥመው ከኮረብታው በቆረጠው አፈር ይሞላዋል። ይህ ቆረጣና ሙሊት የሚባለው ነው። ከሙሊቱ ላይ ጠጠር ይነጠፋል፣ በጠጠሩ ላይ አግዳሚ እንጨት ይደረደራል፣ በእንጨቱ ላይ ሐዲዱ ይዘረጋል። ሐዲዱና እንጨቱ ቢነሡም የአፈሩ መደብ ባለበት ይቆያል። ዛሬ እግረኛው የሚረግጠው ያንን መደብ ነው።

ለዚህ ሩቅ ሳይኬድ የሚገኘው ምስክር ድሬዳዋ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ድረስ ሊወጣ ነበር። ሐረር ግን ከተራራው ጫፍ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ። ከግርጌው ያለው ሜዳ ከ1,200 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ያንን ገደል ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ አላዋጣም። ሐዲዱ ሐረርን ቀና ብሎ እያየ በግርጌዋ ዐለፈ፤ በ1902 ባቡሩ በቆመበት ሜዳ ላይም ከተማ በቀለ። በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ የነበረችው ድሬዳዋ ያች ናት። ባቡር ዳገት ባለመውደዱ ከተማ ተወለደ። በላውደን ካውንቲም ያው ሕግ በትንሹ ሠርቷል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ነጥብ ታሪኩ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቨርጂኒያዋ የወደብ ከተማ የአሌክሳንድሪያ ነጋዴዎች አንድ ጭንቀት ነበራቸው። ከብሉ ሪጅ ተራሮች ማዶ ያለው የሸናንዶዋ ሸለቆ ስንዴ የሚታፈስበት አገር ነው። ባልቲሞር ቀድማ ባቡሯን ወደ ምዕራብ ስለዘረጋች የሸለቆው እህል ወደ እሷ ወደብ ይጎርፍ ጀመር። አሌክሳንድሪያ ከወንዟ ዳር ሆና ገበያዋ ሲሄድባት ታያለች። መልሱ የራስን ባቡር መሥራት ነበር። በ1847 ፈቃድ ወጣ፤ በ1853 ድርጅቱ አሌክሳንድሪያ፣ ላውደንና ሃምፕሻየር የሚል ስም ያዘ፤ በ1855 ቁፋሮው ተጀመረ። ሃምፕሻየር ዛሬ በዌስት ቨርጂኒያ ያለ ካውንቲ ሲሆን የድንጋይ ከሰል ተስፋ የተጣለበት አገር ነበር። ባቡሩ ግን በዕድሜው ሁሉ ብሉ ሪጅን ተሻግሮ አያውቅም። ስሙ የደረሰበት ቦታ እግሩ ሳይደርስ ቀረ።

ሐዲዱ ሊስበርግ የገባው በ1860 ነው። ለደስታው ዕድሜ አልተሰጠውም፤ በዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ሰኔ 17 ቀን 1861 የሰሜን ጦር የኦሃዮ ወታደሮች ባቡር ተሳፍረው ወደ ቪየና ሲቀርቡ የደቡብ ካሮላይና ጦር አድፍጦ ጠበቃቸው። ባቡሩን ሞተሩ ከኋላ ሆኖ እየገፋው ስለነበር ወታደሮቹ ከፊት ተጋልጠዋል። መድፉ ሲጮህ የባቡሩ ነጂ ሞተሩን ከፉርጎዎቹ ፈቶ ወደ አሌክሳንድሪያ ሸመጠጠ፤ ወታደሮቹ እዚያው ቀሩ። ስምንት ሰው ሞተ። በጦርነት ታሪክ ባቡር በቀጥታ ወደ ውጊያ ከገባባቸው የመጀመሪያዎቹ አጋጣሚዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ዛሬ በዚያ ቦታ ሕፃናት ብስክሌት ይማሩበታል። በጦርነቱ ዘመን ከቪየና ወዲያ ያለው ሐዲድና ድልድይ ፈረሰ፤ ባቡሩ ወደ ሊስበርግ የተመለሰው በ1867 ነው።

ከዚያ በኋላ መስመሩ እየተንፏቀቀ ወደ ምዕራብ ሄደ። ፐርሰልቪል የደረሰው በ1874 ነው። በ1900 ደግሞ ብሉ ሪጅ ግርጌ እስካለችው ስኒከርስቪል ድረስ ተዘረጋ። ስኒከር በእንግሊዝኛ የሹፈት ሳቅ ማለት ስለሆነ፣ ከዋሽንግተን ሙቀት ሸሽተው ለሚመጡ እንግዶች የሚስብ ስም አልነበረም። መንደሯ ብሉሞንት ተባለች። የተሠራው ለስንዴና ለከሰል የነበረ ባቡር በዚህ ጊዜ ሥራው ሌላ ሆኗል፤ ጠዋት ወተት ወደ ዋሽንግተን ያወርዳል፣ ቅዳሜ ነፋሻ አየር ፈላጊ ወደ ተራራው ያወጣል። በ1911 ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን የሚለውን ስም አገኘ። ኦልድ ዶሚኒየን የቨርጂኒያ የቆየ ቅጽል ስም ነው። በዓመቱም የመንገደኛው ባቡር በኤሌክትሪክ መሄድ ጀመረ።

ሞቱ ዝግ ያለ ነበር። መኪና መጣ፤ ከሐዲዱ ጎን የሚሄደው ቁጥር 7 መንገድ ተጠረገ፤ ወተቱም መንገደኛውም ወደ ጎማ ዞረ። ከፐርሰልቪል እስከ ብሉሞንት ያለው ሐዲድ በ1939 ተነቀለ። የመንገደኛ አገልግሎቱ በ1951 ለመጨረሻ ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው የዕቃ ባቡር ብቻ ነው። የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ የግንባታ አሸዋ በማመላለስ ጥቂት ነፍስ ዘራ። ባቡሩ የገዛ መቃብሩን አሸዋ አጓጓዘ የሚል ቢኖር ብዙ አልተሳሳተም። በነሐሴ 1968 መስመሩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። የአብዛኞቹ የተዘጉ ባቡሮች ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የዚህኛው አላበቃም። ባቡር ሲዘጋ ቀድሞ የሚሸጠው ብረቱ ነው። ሁለተኛው መሬቱ ነው፤ የመሬቱ ጣጣ ከብረቱ ይከፋል። 30 ሜትር ወርድ ያለው ረጅም መሬት ለእርሻ አይመችም፣ ለቤት አይመችም። ዋጋው ያልተቆረጠ በመሆኑ ላይ ነው። አንዱ ገበሬ ወደ ማሳው፣ ሌላው ቤት ሠሪ ወደ ግቢው ከቀላቀለው በኋላ እንደገና ለመገጣጠም ከመቶ ባለቤቶች ጋር መስማማት ይጠይቃል። የተበጠሰ መቀነት ነው።

ይህኛውን ከመበጠስ ያዳነው መናፈሻ ፈላጊ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው። የቨርጂኒያ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ከፍተኛ ኃይል የሚሸከሙ ምሰሶዎቹን ለመትከል ቀጥ ያለና ያልተቆረጠ መሬት ይፈልግ ስለነበር አብዛኛውን መስመር በሙሉ ገዛው። የአርሊንግተኑን አንድ ቁራጭ የመንገዶች መሥሪያ ቤት ወሰደው፤ 66 ቁጥር አውራ ጎዳና ዐለፈበት። በምሰሶዎቹ ሥር ያለው መሬት ግን ባዶ ነበር። የሰሜን ቨርጂኒያ የመናፈሻዎች ባለሥልጣን ይህን አይቶ ከኩባንያው ጋር ድርድር ጀመረ። በ1974 ፎልስ ቸርች ውስጥ 1 ማይል ተኩል ያህል ለሙከራ ተከፈተ። ሕዝቡ ወደደው። መሬቱ በየተራ እየተገዛ፣ አስፋልቱ በየተራ እየተነጠፈ በ1988 ፐርሰልቪል ደረሰ። ከመዘጋት እስከ መጠናቀቅ 20 ዓመት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከሊስበርግ በስተምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የምሰሶዎቹን ጭፍራ ሲያይ ቅር ሊለው አይገባም። በአሽበርን በኩል የዓለምን ኢንተርኔት የሚያስተናግዱ ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት ተደርድረዋል፤ የኤሌክትሪክ ጥማቸው ትልቅ ነው። ሽቦው ለዓይን አያምርም፤ መንገዱን ሙሉ አድርጎ ያስተላለፈው ግን እሱ ነው። ከዓመታት በኋላ ኩባንያው ከሊስበርግ ወደ ፐርሰልቪል በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ሃሚልተን አዲስ የከፍተኛ ኃይል መስመር ሊዘረጋ ሲነሣ ነዋሪው ተቃወመ፤ ዛፉ ይቆረጣል፣ ገጠሩ ይበላሻል አለ። በዚህ ክርክር ምክንያት የመስመሩ አንድ ክፍል ከመሬት በታች እንዲቀበር ተደረገ። ተጓዡ ሳያውቀው በላዩ ይራመዳል።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በአሜሪካ ብዙ የባቡር ድርጅቶች የመሬቱ ባለቤት አልነበሩም፤ የያዙት የመተላለፊያ መብት ብቻ ነበር። ባቡሩ ሲቆም መብቱ ይቋረጣል፣ መሬቱ ወደ ባለርስቱ ይመለሳል። በ1983 የወጣ ሕግ አንድ ብልሃት አመጣ፤ መስመሩ ለወደፊት ባቡር ተጠብቆ እስከተቀመጠ ድረስ እንደ ተቋረጠ አይቆጠርም፣ እስከዚያው በእግር መንገድነት ያገለግላል። ባለርስቶች ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ሕጉን አጸና። ለሊስበርግና ፐርሰልቪል መንገድ ይህ ሕግ አላስፈለገም፤ መሬቱ በገንዘብ ተገዝቷል። ለሌሎች ብዙ መንገዶች ግን በር ከፍቷል። ሐዲድን ወደ እግር መንገድ በመለወጥ ፈር ቀዳጅ ተብሎ የሚጠቀሰው ግን ከሕጉ በፊት፣ በ1967 በዊስኮንሲን የተከፈተው ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ የሚዘልቀው መንገድ ነው፤ ዛሬ በመላው አሜሪካ እንዲህ የተለወጠው ሐዲድ ከ25,000 ማይል በላይ ደርሷል።

ሦስተኛው ነጥብ ጉዞው ነው። አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ።

መነሻው የቱ ይሁን የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ፐርሰልቪል ከሊስበርግ 70 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ ከፐርሰልቪል የተነሣ ሰው ባመዛኙ ይወርዳል። ጉልበት ለሚያማቸው ይህ ይመከራል የሚሉ አሉ። ነገር ግን መንገዱ ታሪኩን የሚናገረው ከሊስበርግ ሲነሡ ነው፤ ባቡሩም ያደገው በዚያው አቅጣጫ ነው። ድካሙም በጠዋቱ ያልቃል። ከሊስበርግ መነሣት ይሻላል።

ሊስበርግ በ1758 የተቆረቆረች ከተማ ናት። መንገዱ ከመሀል ከተማዋ በስተደቡብ ያልፋል። በየግማሽ ማይሉ ርቀት የሚያመለክት ምልክት ተተክሏል፤ ቁጥሩ የሚቆጠረው ከሺርሊንግተን ስለሆነ ሊስበርግ ላይ 34 አካባቢ ይነበባል። ከከተማዋ ሲወጡ መንገዱ ወደ ምዕራብ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። አጠገቡ የሚሄደው የመኪና መንገድ ድራይ ሚል ይባላል፤ ደረቅ ወፍጮ ማለት ነው። ለውሃ ወፍጮ ከዚህ የከፋ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚህ እስከ ክላርክስ ጋፕ ያለው 4 ማይል የጉዞው ረጅሙ አቀበት ነው። አቀበት መባሉ ራሱ ያጠራጥራል፤ ዓይን አያየውም። አስፋልቱ ሜዳ ይመስላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ጨዋታ ሞቅ ብሎለት የነበረው ቡድን ዝም ዝም ማለት ይጀምራል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ዞር ብለው ሲያዩ የመጡበት መንገድ ወደ ታች ተዘርግቷል። የባቡር ዳገት እንዲህ ነው፤ በዓይን ሳይሆን በደረት ይታወቃል። የእንፋሎቱ ሞተር በእሳትና በጭስ እየቃተተ የወጣውን አቀበት ሰው በወሬ መሀል ይወጣዋል። የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች፣ በከዘራ የሚሄዱ አዛውንቶች ከገጠር መንገድ ሁሉ ይህን የሚመርጡበት ምክንያትም ይኸው ነው። ባቡር ዳገት አለመውደዱ ለእነሱ ተረፈ።

በዚህ ክፍል ግራና ቀኙን ማየት ያስፈልጋል። አንዴ መንገዱ በሁለት የአፈር ግድግዳዎች መካከል ይገባና ጥላ ይሆናል፤ ኮረብታው የተቆረጠበት ነው። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ከዛፎች አናት ጋር እኩል ይሆናል፤ ሸለቆው የተሞላበት ነው። ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው ተሰጥቷል። በብስክሌት የሚያልፍ ሰው ይህን አያይም፤ ፍጥነቱ ሁሉንም ሜዳ ያደርግበታል። የእግረኛ ዕድል ነው።

ክላርክስ ጋፕ ማለት የክላርክ በር ማለት ነው። የካቶክቲን ሰንሰለት እዚህ ላይ ጎንበስ ብሎ መተላለፊያ ይሰጣል። ሐበሻ እንዲህ ያለውን ቦታ በር ይለዋል፤ ጣርማ በር እንደሚባለው። በጣርማ በር ጣሊያን ተራራውን በስቶ በዋሻ አለፈ። እዚህ ግን በሩ ራሱ ስለዘቀዘቀ ዋሻ አላስፈለገም፤ ኮረብታውን ጥቂት ቆርጦ ማለፍ በቃ። ከመንገዱ በላይ በድንጋይ የተገነባ ቅስት ድልድይ አለ፤ የድሮው የጋሪ መንገድ ከባቡሩ በላይ እንዲያልፍ የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ዕረፍት እዚህ ቢሆን ተገቢ ነው። አቀበቱ አልቋል፤ ከሥሩም ጥላ አለ።

ከበሩ ወዲያ አገሩ ይለወጣል። ሸለቆው ይከፈታል፤ እርሻ፣ የከብት በረት፣ የፈረስ አጥር ይታያል። በምዕራብ በኩል ብሉ ሪጅ በሰማያዊ ቀለም ይዘረጋል። ወዲያው የምትመጣው መንደር ፒዮኒያን ስፕሪንግስ ናት። ስሟ ከጥንት ግሪኮች የአማልክት ሐኪም ከፒዮን የተወሰደ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ምንጯ ይፈውሳል ተብሎ ከዋሽንግተን በባቡር ይመጣባት ነበር። ሐበሻ ጠበል ወይም ፍል ውሃ ፍለጋ እንደሚሄደው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ እነዚያ ሆቴል ይይዛሉ። ዛሬ መንደሯ ጸጥ ያለች ናት።

ቀጥሎ ሃሚልተን ነው። እዚህ መንገዱ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ካርታ ይዞ ለሚሄድ ሰው መታጠፊያው ያስገርማል። ከተማዋ በጉብታ ላይ ናት፤ ጣቢያው ግን ከመሀሏ ርቆ በስተሰሜን ነው የተሠራው። ባቡር የሚሄድ የሃሚልተን ሰው መጀመሪያ ወደ ጣቢያው መውረድ ነበረበት። የሐረር ሰው ድሬዳዋ ወርዶ ይሳፈር እንደነበረው ነው፤ ርቀቱ ብቻ በጣም አነሰ።

ከሃሚልተን እስከ ፐርሰልቪል ያለው የመጨረሻው 3 ማይል በመስክና በዛፍ መካከል ያለ ችግር ይኬዳል። በግንቦት የዱር አበባ፣ በጥቅምት የቅጠል ቀለም አለ። አጋዘን ጠዋትና ማታ መንገዱን ያቋርጣል። ከአስፋልቱ ወርዶ ሣር ውስጥ መግባት ግን አይመከርም፤ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው መዥገር ነው። የዚህ አገር የአጋዘን መዥገር «ላይም» (Lyme) የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ከጉዞ መልስ ገላን፣ በተለይ ብብትንና ከጉልበት በስተኋላ ያለውን ቦታ፣ መፈተሽ ግድ ነው። ሁለተኛው ፖይዝን አይቪ የተባለው ባለ ሦስት ቅጠል ሐረግ ነው። ሳማ ሲነኩት ወዲያው ስለሚለበልብ ሰው ይጠነቀቀዋል፤ ይህኛው ተንኮለኛ ነው፣ ሲነኩት ዝም ብሎ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳን ያሳክካል፣ ውሃ ያቋጥራል።

ስለ መንገዱ ሥርዓት ማወቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። እግረኛ ቀኙን ይይዛል፤ ብስክሌት በግራ ያልፋል። ከኋላ ደወል ወይም የሰው ድምፅ ሲሰማ ባለበት መስመር ቀጥ ብሎ መሄድ ነው፤ ደንግጦ ወደ ግራ መዝለል ግጭት ያመጣል። የእኛ ሰው በቡድን ሲሄድ ለጨዋታ እንዲመች ጎን ለጎን ይሰለፋል፤ እዚህ ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድ ይበቃል። ከመውጣት በፊት ውሃ መያዝ፣ አንዱን መኪና አስቀድሞ ፐርሰልቪል ማቆም፣ በሌላው ሊስበርግ መምጣት ነው። በመካከለኛ እርምጃ፣ ዕረፍት ተጨምሮ፣ አምስት ሰዓት ይበቃል። መግቢያ አይከፈልበትም።

ፐርሰልቪል ሲደረስ የድሮው የባቡር ጣቢያ በቦታው ቆሟል። በ1904 የተሠራ የእንጨት ቤት ነው። በዙሪያው የእህል ወፍጮ የነበሩ ሕንፃዎች አሉ፤ ከተማዋ ያደገችው እህል ወደ ባቡሩ በሚመጣበት በዚህ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ለገሃር የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው በፈረንሳይኛ ጣቢያ ከሚለው ቃል እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው እዚህ ቆሞ ጣቢያ ሰፈርን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይችላል።

አስፋልቱ እዚህ ያበቃል። ብሉ ሪጅ ከፊት ለፊት ቀርቧል፤ ባቡሩ በ1900 የደረሰበት ብሉሞንት ከ10 ማይል በታች ይርቃል። ወደዚያ ግን የእግር መንገድ የለም። የዚያ ክፍል ሐዲድ የተነቀለው በ1939 ነው፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያው መስመሩን በ1968 ሲገዛ ከተላለፈው መሬት ውስጥ አልነበረም። ወደ ብሉሞንት የሚፈልግ ሰው መኪናውን አስነሥቶ በቁጥር 7 ይሄዳል።